ሁለት እባብ፣ አንድ በትር

ስህተቱ የኔ ነው፤ በሌላ አላሳብብም፣
እጄ የሣለውን ዓይኔ አላነበበም።
ሃያ ዓመት ሙሉ ከግድግዳዬ ላይ
ተለጥፎ ኖሯል፣ ከመልሕቁ በላይ፣
ከጽጌረዳና ከልብ መሐል ገብቶ፣
ሁለት እባብ በበትር ተጠምዞ፣ ተጋብቶ፣
ከጫፉ ሁለት ክንፍ እንደ ወፍ ዘርግቶ።
«ለሐኪም፣ ለነርስ» ይላል ከሥሩ ጽሑፉ፣
«ሃምሳ ዶላር ብቻ፣ እስከነክንፉ።»

ዳርሊን እባላለሁ፤ ነቃሽ ነኝ፤ ሱቄ ከወደቡ በር፣
የባሕር ስፖንጅ ጠላቂ ግሪኮች ከከተሙበት ሰፈር፣
ታርፖን ስፕሪንግስ፣ ፍሎሪዳ፣ ጨው ጨው በሚለው አየር።
ዌንደል ያኔ መጣ፣ ገና አምቡላንስ ሲጀምር፣
ዩኒፎርሙ አዲስ፣ አንገት የሚቆረቁር።
«ይሄንን» አለኝ በጣቱ፤
መርፌዬ ጮኸች እስከ ሌሊቱ።
ማን እንደ ፈጠረው፣ ከወዴት እንደ መጣ
እሱ አልጠየቀኝ፣ ከኔም ቃል አልወጣ።
እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉናል፤
እኛ ግን እባቡን «ፈዋሽ» ብለነዋል።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ሐሙስ፣ ልዘጋ ስል በሩን፣
ገባና ተቀመጠ፣ ሰበሰበ እጅጌውን።
«አጥፊልኝ» አለኝ።
«ምኑን?»
«አንዱን እባብና ክንፉን።»

አሮጊቷ ፎቲኒ፣ የጠላቂው ሚስት፣
ልቧ ሲዘገይባት አንድ ሁለት ምት፣
በአምቡላንሱ ውስጥ በጀርባዋ ተኝታ፣
የኦክስጂን ጭንብሏን ከአፏ ላይ ገፍታ፣
ክንዱን አየችና ሳቀች።
«ልጄ፣ የማንን ዱላ ነው የተሸከምከው?» አለች።
«ሄርሜስ ነው ባለቤቱ፤
ነጋዴው፣ ሌባው፣ መንገደኛው የሚምልበቱ።
የሐኪሙማ እባቡ አንድ ነው፤ አስክሊፒዮስ ይባላል፣
ክንፍ የለው፣ ጌጥ የለው፣ ሻካራ እንጨት ይይዛል፤
ድውይ ከመቅደሱ ሲያድር በሕልሙ ይመጣለታል፤
ቆዳ ጥሎ የሚታደስ እባብ ከደጁ ይሳባል።
አያቴ ግን ትለኝ ነበር፣ እባብም አይደል፣ ትል ነው፣
ከሰው እግር በስንጥር ቀን በቀን የሚጠቀልሉት ነው።
ማን ያውቃል? ሁሉም ከሞተ ቆይቷል።»

ማሳበብ አይሁንብኝና፣ የጦሩ ሕክምና ክፍልም
ከኮሌታው ላይ ሰፍቶታል፤ መቶ ዓመት አለፈው ይህም።
ከዚያ ወደ ፋርማሲው፣ ከዚያ ወደ ኢንሹራንሱ፣
ከዚያ ወደ ግድግዳዬ፣ ከዚያ ወደ ዌንደል ክንድ፣
አንዱ ካንዱ እየቀዳ፣ ማንም ሳይጠይቅ፣ አንድ በአንድ።

ቀለሜን በጠበጥኩ። ክንፉን ቅጠል ላደርገው፣
ሁለተኛውን እባብ በጥላ ልሸፍነው፣
በእስክሪብቶ ቆዳው ላይ ምልክት አደረግሁ።
ዝም አለ። ጠበቅሁ።

«ሌላም ነገር ብላኛለች፣» አለ።
«ያ ባለክንፉ፣ አለች፣ ሙታንን ይሸኛል፣
ከወንዙ እስኪደርሱ ከጎን ይራመዳል።»
«ከዚያስ?»
«ከዚያማ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ዝም አለች፣
እጄን እንደያዘች።»

መብራቱ ይጮኻል። የማይረባ አምፖል ነው፤ ልቀይረው እያልኩ ከረምኩ።

«ከሷ ጋር ዐሥራ አንድ ሆኑ፤ ከሞተር ብስክሌት የወደቀ ልጅ፣
ስሙን እንኳ ያልነገረኝ ዓሣ አጥማጅ፣
ውሻዬን አደራ ያለችኝ አንዲት አስተማሪ…
አላዳንኳቸውም፤ ሸኘኋቸው እንጂ።»

እጅጌውን መለሰ። «ተዪው፣ ይቅር» አለ፣
የእስክሪብቶው ምልክት ክንዱ ላይ እንዳለ።
ያ የነጋዴው በትር ያረፈበት እጁ
ለጊዜዬ ብሎ ሃምሳ ዶላር ዘረጋ፤
አልተቀበልኩትም። በዚያ በትር ያን ማታ
ምንም አልተሸጠም።

ሲወጣ ወረቀቱን ከግድግዳው ነቀልኩና፣
«ለሐኪም፣ ለነርስ» የሚለውን በጥቁር ቀለም ሰረዝኩና፣
መልሼ ለጠፍኩት።
ዋጋውን አልነካሁም። እኔም ነጋዴ ነኝና።